የሦስት መቶ ቤት ውሸት

ስልኩ መጀመሪያ የጮኸው በጥር ወር፣ በረዶው የወጥ ቤቱን መስኮት እስከ ወገቡ በሸፈነበት ሰሞን ነበር። ያነሳችው ሄልቪ ናት። ባሏ ሬይኖ ካሊዮ ከሥራ ሲገባ ጫማውን እስኪያወልቅ እንኳ አልታገሠችም፤ ወሬውን ይዛ በር ላይ ጠበቀችው።

የደወሉት ከስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ነበር። ቤታቸው በዕጣ ተመርጧል። ከእንግዲህ ለስድስት ወር፣ በየወሩ አጋማሽ እየደወሉ፣ በዚህ ቤት ማን ይሠራል፣ በሳምንት ስንት ሰዓት ይሠራል፣ ምን ያህል ይከፈለዋል እያሉ ይጠይቃሉ። የቤቱ ሰው ሁሉ ተራ በተራ ስልኩን መያዝ የለበትም፤ አንዱ ለሁሉም ቢመልስ ይበቃል።

«ስላንተም እኔው መለስኩልህ» አለችው እየሳቀች። «የባቡር ፉርጎ ፋብሪካ ፎርማን ነው፣ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ነው፣ በሰዓት ሃምሳ አንድ ዶላር ያገኛል አልኳቸው። አሳነስኩህ እንዴ?»

ሬይኖ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ይፈታ ነበር። ክሩ ተፈትቶ ካለቀ በኋላም ቀና አላለም።

«ልክ ነሽ» አለ፣ ወደ መሬቱ።

ሄልቪ ገና አልጨረሰችም። የደወለችው ሴት ናዲን ትባላለች፤ ደግ ሴት ናት፤ የእናንተ አንድ ቤት የሚመስሉትን ሦስት መቶ ያህል ቤቶች ወክሎ ነው የሚመልሰው ብላታለች። ይህን ሲሰሙ ከምድጃው አጠገብ የተቀመጡት አባቷ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። አባባ ቶይቮ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ወጣትነታቸውን ከተንደር ቤይ ከተማ በስተ ሰሜን ባለው ጫካ እንጨት ሲቆርጡ ያሳለፉ፣ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከልጃቸውና ከአማቻቸው ጋር የሚኖሩ፣ ጆሯቸውም ምላሳቸውም ያልደከመ ሽማግሌ ናቸው።

«እንግዲያው በዚህ አገር ሦስት መቶ ሬይኖ አለ ማለት ነው» አሉ። «እኛ አንዱን ለመቀለብ ድስቱ አልበቃን ብሏል። መንግሥት እንዴት ይችለው ይሆን?»

ሬይኖም ሳቀ። ሳቁ ግን ከጉሮሮው አልወረደም፤ ምክንያቱም ከመስከረም ጀምሮ ፎርማን አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፉርጎ የሚያዝዙት ከተሞች ትእዛዛቸውን ሲቀንሱ፣ በቀለም ክፍሉ ካሉት ሁለት ፎርማኖች አንዱ ትርፍ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ሬይኖን ጠርቶ በትሕትና አነጋገረው። ትእዛዙ እስኪመለስ ወደ ጥንቱ ሥራህ ተመለስና ቀለም ርጭት ላይ ቆይ፣ ደመወዝህ ይቀንሳል እንጂ እንጀራህ አይቋረጥም አለው። ክፉ ነገር አልነበረም። ነገር ግን በፎርማንነቱ የሚቀረው ዳሪል ነበር፤ የርጭት መሣሪያውን እንዴት እንደሚይዝ ሬይኖ በገዛ እጁ ያስተማረው ዳሪል። ሬይኖ በሃምሳ ሦስት ዓመቱ ጭምብል አጥልቆ ዳሪል ፊት ሲቆምና «እዚህ ጋ ሳስቷል፣ ድገመው» ሲባል ታየው። አይሆንም አለ። የስንብት ክፍያውን ተቀበለ፤ ፈርሞም ወጣ። ያን ቀን የወጣው እሱ ብቻ ስለነበር ወሬውን የሚያናፍስ ሰው አልተገኘም። የሥራ ጓደኞቹም ዕድሜ ይስጠው፣ በጊዜ ጡረታ ወጣ ብለው አሰቡ።

ለሄልቪ በዚያው ምሽት ሊነግራት ነበር። ቤት ሲደርስ ግን ሄልቪ ቀኝ ትከሻዋን በሙቅ ፎጣ ጠቅልላ አገኛት። በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ በልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ እርጥብ አንሶላ ስታነሳ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ሐኪሙ ይህ ትከሻ ከእንግዲህ አይድንም፣ ማሳረፍ ነው እንጂ ብሏታል። «አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር?» አለችው። ነገ እነግራታለሁ አለ። ነገ ሲመጣ ሌላ ነገ ይዞ መጣ።

ባንኩ የስንብት ገንዘቡን ከፋፍሎ ልክ እንደ ደመወዝ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ወደ ጋራ ሒሳባቸው እንዲያስገባ አደረገ። በከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከአውራ ጎዳናው አጠገብ ባለ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ሥራ አገኘ። ቀለም ይበጠብጣል፣ ቁልፍ ይቀርጻል። በሳምንት ሃያ ስምንት ሰዓት፣ በሰዓት አሥራ ዘጠኝ ዶላር ከአርባ ሳንቲም። ጠዋት ጠዋት እንደ ድሮው አንድ ሰዓት ላይ የቆርቆሮ ምሳ ሣጥኑን ይዞ ይወጣል። መደብሩ የሚፈልገው ከአራት ሰዓት በኋላ በሆነ ቀን፣ ፒክአፑን ሐይቁ ዳር አቁሞ በረዶውን ሲያይ ሦስት ሰዓት ይቀመጣል። የመደብሩን ሽርጥ ከመኪናው መቀመጫ ሥር ነው የሚደብቀው። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የሬይኖ ስንቅ እውነትም እዚያው ሐይቁ ዳር ያልቅ ነበር፤ ውሸቱ ግን ቀን በቀን እየከበደ ሄደ።

ከሁሉ የሚያሳፍረው የቁልፉ ነገር ነበር። የኋላው በር ከውስጥም ከውጭም በቁልፍ የሚከፈት አሮጌ በር ነው፤ ቁልፉም አንድ ብቻ ነው። በኅዳር ወር ሄልቪ አውጥታ ሰጠችው፤ ስታልፍ አስቀርጽልኝ፣ ከጠፋ ጉዳችን ነው አለችው። ሬይኖ በቀን ለሠላሳ ሰው ቁልፍ ይቀርጻል፤ የራሱን ቤት ቁልፍ ግን መቅረጽ ፈራ። የቁልፉ ራስ ላይ የመደብሩ ምልክት አለበት፤ ሄልቪ አይታ፣ አንተ በሥራ ሰዓት እዚያ ድረስ ምን ወሰደህ ብትለው የሚመልሰው አልነበረውም። ሌላ ቦታ ሄዶ ማስቀረጽ ይችላል። እሱን ሲያስብ ደግሞ፣ ከሌላ ቁልፍ ቀራጭ ፊት ቆሞ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ። ስለዚህ ሰጥቻለሁ፣ ገና አላደረሱልኝም አላት። ቁልፉ ከኪሱ ሳይወጣ የበረዶው ወራት አለፈ። ያን ሁሉ ጊዜ ሄልቪ በጓሮ ላለው ሳውና፣ ለእንፋሎት መታጠቢያው ክፍል፣ የሚሆነውን ማገዶ በዚያ ትከሻዋ ተሸክማ፣ በፊት ለፊቱ በር ወጥታ ቤቱን ዞራ፣ እስከ ጉልበቷ በረዶ ውስጥ እየገባች ታደርስ ነበር። ተይው እኔ አደርሰዋለሁ ሲላት፣ አንተ ቀኑን ሙሉ ቆመህ ውለህ ትለዋለች።

ናዲን በየካቲት ደወለች። በመጋቢትም ደወለች። በየጊዜው የባለፈውን ወር መልስ ታነብላታለች፤ ከዚያ ለውጥ አለ ወይ ብላ ትጠይቃለች። ሄልቪ በሁለተኛው ወር ወዳጅ አድርጋት ነበር፤ ስለ ብርዱም ስለ ትከሻዋም ታጫውታታለች። ሬይኖ ሳሎን ተቀምጦ ጋዜጣ የሚያነብ ይመስላል። «ለውጥ የለም» የሚለው የሄልቪ ድምፅ ከወጥ ቤቱ ሲመጣ ጋዜጣውን ከፍ ያደርገዋል።

በመጋቢት መጨረሻ ኩራቱን ውጦ ፋብሪካው ስልክ ደወለ። ዳሪል አነጋገረው። ዳሪል አልተኩራራም፤ ያ ደግሞ ይብስ ነበር። የርጭቱ ቦታ በገና ሰሞን ለሌላ ሰው ተሰጠ፣ ምነው ያኔ እሺ ብለህ ቢሆን ኖሮ አለው። ሬይኖ አመሰግናለሁ ብሎ ስልኩን ዘጋ። ቀኑን ሙሉ የሚቀርጻቸው ቁልፎች እየተበላሹ አንዷ ደንበኛ ሁለት ጊዜ ተመላለሰች።

ሚያዝያ ላይ፣ ቁርስ እየበሉ ሳለ፣ የአባባ ቶይቮ ሬዲዮ አንድ ነገር ተናገረ። በአገሪቱ ከሙሉ ጊዜ ሠራተኞች መካከል የከፍተኛ ተከፋዮች ድርሻ ጥቂት ከፍ ብሏል አለ። የሙሉ ጊዜ ሠራተኛው ሁሉ በደመወዙ ቅደም ተከተል ቢሰለፍ፣ ልክ መሐሉ ላይ የሚቆመው ሰው የሚያገኘውን አንድ ተኩል እጥፍና ከዚያ በላይ የሚያገኝ ነው ከፍተኛ ተከፋይ የሚባለው ብሎም አብራራ። ሽማግሌው በማንኪያቸው ጠረጴዛውን መቱ።

«በይ ስሚ ልጄ! ይኸን ነገር ከፍ ያደረገው ባልሽ ነው።»

«ብቻውን መሰለዎት?» አለች ሄልቪ። «ከሦስት መቶ ጓደኞቹ ጋር ነው እንጂ።»

ሬይኖ ቡናውን ሲያስቀምጥ ስኒው ከማስቀመጫው ጋር ተጋጨ። ትምህርቱ ብዙ ባይሆንም ቁጥር ያውቃል። በሚሊዮን በሚቆጠር ሰው መካከል ሦስት መቶ ሰው ምንም እንዳልሆነ አልጠፋውም። ሐፍረት ግን ሒሳብ አያውቅም። ያን ቀን ሐይቁ ዳር ተቀምጦ፣ ሦስት መቶ ሰዎች የቆርቆሮ ምሳ ሣጥን ይዘው፣ በሦስት መቶ ፒክአፕ ውስጥ ተቀምጠው ወደ በረዶው ሲመለከቱ ታዩት። በመንግሥት መዝገብ ሁሉም ፎርማኖች ናቸው። ሬዲዮው ስለተናገረው ሰልፍም አሰበ። እሱ ከላይ በኩል ቆሟል ተብሎ ተጽፏል። እውነቱ ሲታይ ግን ከሰልፉ ሥር እንኳ አይቆምም። የሙሉ ጊዜ የሚባለው ሠላሳ ሰዓትና ከዚያ በላይ የሠራ ነው፤ ሃያ ስምንት ሰዓት የሚሠራ ሰው ዳር ቆሞ ሰልፉን ከሚያዩት ጋር ነው።

በግንቦት መጨረሻ ሄልቪ ወሰነች። አንድ ማታ ከእራት በኋላ ክርኗን በግራ እጇ ደግፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ በቃኝ፣ ሥራውን ልለቅ ነው አለች። ትከሻዋ ሌሊት አያስተኛትም። ቀሪውን ዕድሜዋን ቢያንስ ፀጉሯን በሁለት እጇ ማበጠር ትፈልጋለች። ደብዳቤውን አንዴ ካስገባች መመለስ የለም፤ ያንን ቦታ የሚፈልግ ብዙ ሰው በራፉ ላይ አለ።

«በአንተ ደመወዝ እንችላለን አይደል?» አለችው።

የስንብት ገንዘቡ የሚቀረው ለሁለት ዓርብ ብቻ ነበር። ሬይኖ ያን ጊዜ ቢናገር ኖሮ፣ ነገሩ በሁለቱ መካከል በቀረ። ሄልቪ የምታየው ግን እንደ ሚስት ሳይሆን፣ የደከመ ሰው ወንበር እንደሚያይ ነበር። ያንን ወንበር ከሥሯ መሳብ አቃተው።

«እንችላለን» አለ።

ደብዳቤውን ራሷ ጻፈችው፤ አምስት መስመር ናት። ሰኔ አጋማሽ ላይ ባለው ሰኞ ልትሰጥ ወስና፣ የዓሣ ቅርጽ ባለው ማግኔት ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። ሬይኖ ወተት በፈለገ ቁጥር ዓሣው ያፈጥበታል።

ከዚያ ሰኞ በፊት የነበረው ቅዳሜ እንደ ልማዳቸው ሳውና ገቡ፤ ሄልቪ ቀድማ ገብታ ወጥታለች፣ ከዚያ አማችና አማት። አባባ ቶይቮ ከላይኛው መደብ ላይ ተቀምጠው የጋለው ድንጋይ ላይ ውሃ አፈሰሱ። ድንጋዩ ተንሿሿ። በዚህ ቤት ልብ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ የሚወጣው በሳውና ነው፤ ሬይኖም ዛሬ ለሽማግሌው ቀድሞ ሊነግራቸው፣ ምክር ሊጠይቃቸው ቆርጦ ገብቶ ነበር።

ሽማግሌው ግን ቀደሙት። ጨዋታ አምጥተው ስለ ጫካው ያወሩ ጀመር። ያኔ ለእንጨት ቆራጭ የሚከፈለው በክምር ነበር። ቆራጩ ግንዱን ይከምራል፤ ለኪው ዘንጉን ይዞ ይመጣና ቁመቱንና ርዝመቱን ለክቶ ይጽፋል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው አንድ ብልሃት ዘየዱ። ትልቅ ጉቶ መርጠው፣ ክምሩን በጉቶው ላይ አደረጉት። ከውጭ ሲያዩት ሙሉ ክምር ነው፤ ከውስጥ ግን ጉቶና ነፋስ።

«ለኪውስ?» አለ ሬይኖ።

«ለኪው ምን ያውቃል? ሙሉ ብሎ ጻፈው። ተከፈለኝ። ማንም አላወቀም።» ሽማግሌው ላባቸውን ጠረጉ። «እኔ ግን ዓይኔ ከክምሩ አልላቀቅ አለ። በዚያ በኩል ማለፍ አስጠላኝ፤ ሌላው ሰው በአቋራጭ ሲሄድ እኔ ረግረጉን ዞሬ ነበር ወደ ሥራዬ የምሄደው። በጸደይ ጫኞች መጡና ክምሩን ከላይ ማንሳት ሲጀምሩ ጉቶዬ ብቅ አለ። ካምፑ በሙሉ ወጥቶ አየው። ከዚያ እስክወጣ ድረስ ስሜ ጉቶ ነበር። ጉቶ ሾርባ አምጣ፣ ጉቶ በሩን ዝጋ።»

እየሳቁ ጉልበታቸውን መቱ። ለጨዋታ ነበር ያወሩት፤ በሆዳቸው ሌላ ነገር አልነበረም። ሬይኖ ግን አንገቱን ደፋ። ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠብ ነበር። አሁን ነው አለ በልቡ። አፉን ከፈተ።

«አባቴ፣» አለ።

«እህ?»

«ሙቀቱ በዛብኝ።»

ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። በሰኔ ቀኑ ረጅም ነው፤ ገና ብርሃን ነበር። የኋላው በር ከፊቱ እንደተቆለፈ ቆሟል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሄልቪ ሄል የገባበትን ዳቦ ልትጎነጉን እጆቿን ሊጥ ውስጥ ከትታለች። አባቷ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ስልኩ ጮኸ።

«ናዲን ናት፤ የመጨረሻው ነው» አለች ሄልቪ። «እጄን አታይም? አንሳውና ለውጥ የለም በላት።»

ሬይኖ አነሳው። የናዲን ድምፅ እንደተባለው ደግ ነበር። ዛሬ ባለቤቱ ራሳቸው ናቸው ማለት ነው ብላ ደስ አላት። ከዚያም ታነብለት ጀመር። በተሰጠን መልስ መሠረት፣ አቶ ሬይኖ ካሊዮ በባቡር ፉርጎ ፋብሪካ የቀለም ክፍል ፎርማን ናቸው፤ በሳምንት አርባ ሰዓት ይሠራሉ፤ በሰዓት ሃምሳ አንድ ዶላር ይከፈላቸዋል።

ሬይኖ ስለ ራሱ እንዲህ በባዕድ አፍ ሲነበብ ሰምቶ አያውቅም። የሞተ ሰው የሕይወት ታሪክ መሰለው።

«ለውጥ አለ?» አለች ናዲን።

ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። ሁለት ቃል ቢል ናዲን አመስግና ትሄዳለች፤ ዳግመኛም አትደውልም። ሬይኖ ቀና ሲል ፍሪጁን አየ። ዓሣው ደብዳቤውን እንደያዘ ነው። ነገ ሰኞ ነው።

«አለ» አለ።

ሄልቪ ሊጡን እያሸች ነበር፤ አልሰማችም።

«እሺ፤ ምን ተለወጠ?»

«ሥራው። የምሠራው መደብር ነው፤ የሕንፃ መሣሪያ መደብር። ሃያ ስምንት ሰዓት። አሥራ ዘጠኝ ከአርባ።»

የሊጡ ድምፅ ቆመ።

ናዲን ሁሉንም መዘገበች፤ ጣቶቿ ሲያንኳኩ ይሰማል። አዲሱ ሥራ የተጀመረው በዚህ ወር ነው ወይ አለች።

«አይደለም። ከመስከረም ጀምሮ ነው።»

ጣቶቿ ቀጥ አሉ። «ከመስከረም? ይቅርታ ጌታዬ፣ እኔ ጋ ያለው እኮ እስካለፈው ወር ድረስ...»

«እርስዎ ጋ ያለው ሚስቴ የነገረችዎት ነው። እሷ የነገረችዎት እኔ የነገርኳትን ነው። እሷ አልዋሸችም፤ ይህን ይጻፉልኝ።»

ናዲን ይህን የምትጽፍበት ቦታ እንደሌላት ዝግ ባለ ድምፅ ነገረችው። ሥራዋ ነውና ቀጠለች። ከሠላሳ ሰዓት በታች የሚሠራበትን ዋና ምክንያት መጠየቅ ነበረባት። ምርጫዎቹን አነበበችለት፤ ሕመም፣ ልጅ ወይም አረጋዊ መንከባከብ፣ ትምህርት፣ የግል ምርጫ፣ የሙሉ ጊዜ ሥራ ማጣት። ሬይኖ እያንዳንዱን አዳመጠ። የሙሉ ጊዜ ሥራ አግኝቶ ነበር፤ ዳሪል ፊት ላለመቆም ብሎ ነው የተወው። ለዚያ የሚሆን ምርጫ አላነበበችለትም።

«ከነዚህ ውስጥ የለም» አለ።

«ሌላ ብዬ ልመዝግበው?»

«ሌላ ይበሉት።»

ወደ ሄልቪ ለመዞር አንገቱ እሺ አላለውም። አባባ ቶይቮን ግን በዓይኑ ጥግ አያቸው። አሁን የሆነ ነገር ይሉኛል ብሎ ጠበቀ፤ ጉቶው ወጣ ቢሉት፣ ቢሳለቁበት ይቀለው ነበር። ሽማግሌው ግን አልቀለዱም። ሬዲዮው ክፍት ሳይሆን ሊዘጉት እጃቸውን ዘርግተው፣ ዝግ መሆኑን ሲያዩ እጃቸውን መለሱ።

«ስለ ወይዘሮ ሄልቪም አንድ ጥያቄ አለኝ» አለች ናዲን። «በሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ የሙሉ ጊዜ። ለውጥ አለ?»

አሁን መዞር ግድ ሆነበት። ሄልቪ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ ነበር፤ ሊጥ ያለባቸውን እጆቿን ሰው ለማቀፍ እንደ ተዘጋጀች ከሰውነቷ አርቃ ይዛቸዋለች። አላለቀሰችም። ሰው መንገድ ላይ የሚያውቀው መስሎት ጠርቶት፣ ሲጠጋ ሌላ ሰው ሆኖ ሲያገኘው እንደሚያየው ትመለከተው ነበር።

«ስለ አንቺ ነው» አላት። «ሥራሽ ላይ ለውጥ አለ ወይ ትላለች።»

ሄልቪ ወደ ፍሪጁ ሄደች። ደብዳቤውን ከዓሣው ሥር ሳበችው፤ የሊጥ አሻራዋ ወረቀቱ ላይ ታተመ። ሁለት ቦታ አጥፋ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«ለውጥ የለም በላት» አለች።

«ለውጥ የለም» አለ ሬይኖ።

ናዲን ስድስቱን ወር ስለተባበሩ ቤተሰቡን በመንግሥት ስም አመሰገነች። ሄልቪ ወደ ሊጧ ተመለሰች። ዳቦውን ጎነጎነችው፣ ጋገረችው፣ ለአባቷ ቆርጣ ሰጠች። ለሬይኖም ቆርጣ ፊቱ አስቀመጠችለት። ዕቃውን አጥባ ቀድማው ተኛች። እሱም ይቅርታ የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ እስከ ጥርሱ አምጥቶ፣ ከተሠራው ሥራ ጋር ሲያስተያየው እያነሰበት መለሰው።

ጠዋት የቆርቆሮው ምሳ ሣጥን ከመደርደሪያው አልወረደም። ምሳው በወረቀት ከረጢት ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሄልቪ ካፖርቷን ለብሳ ፒክአፑ ውስጥ ቀድማው ተቀምጣለች። ሬይኖ ሽርጡን ከመቀመጫው ሥር አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አደረገው። ከእንግዲህ የሚደብቀው አልነበረም።

ሆስፒታሉ ደረሱ። በር ላይ ሲያቆም ሄልቪ አልወረደችም።

«እዚያ ምንድን ነው የምትሠራው?» አለችው፣ ወደ ፊት እያየች።

«ቀለም እበጠብጣለሁ።» ቀሪውን ሊተወው ፈለገ። «ቁልፍም እቀርጻለሁ።»

«ቁልፍ?»

«ቁልፍ።»

ሬይኖ የምታስበው ይታየው ነበር፤ የታኅሣሥን በረዶ፣ የጥርን በረዶ፣ ማገዶውን፣ ዙሪያውን። ፊቱ እስከ ጆሮው ጋለ፤ ትናንት ስልኩ ላይ ካፈረው ይልቅ አሁን አፈረ። ውሸቱ የሦስት መቶ ቤት ነበር፤ ያ መንገድ ግን የእሷ ብቻ ነበር።

«የኋላው በር ቁልፍ የት ነው?» አለች።

ኪሱ ገብቶ አወጣው። መዳፉ ላይ አድርጎ አሳያት። አልነካችውም።

«ሁለት ቅረጽ» አለችው። «አንዱ የአባባ ነው።»

የመኪናውን በር በግራ እጇ ተሻግራ ከፈተች፤ ቀኙ ያን ያህል አይነሳላትም። ወርዳ ወደ ምድር ቤቱ መግቢያ ሄደች፤ ዞርም አላለች። ሬይኖ ሽርጡን እዚያው፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት፣ አንገቱ ላይ አጠለቀና ማሰሪያውን ቋጠረ።

መደብሩ እንደተከፈተ መቅረጫውን አስነሳ። በገንዘብ መቀበያው ያለችው ልጅ ገና አንድም ደንበኛ እንዳልገባ አይታ፣ የማን ቁልፍ ነው በጠዋቱ አለችው።

«የቤቴ» አላት፤ የሁለቱንም ዋጋ ከኪሱ አውጥቶ ከፈላት።